የመጫወቻ ኮምፒዩተር ለምን ይዝላል?

ኮምፒዩተር የጽሕፈትና የሒሳብ ሥራ መሣሪያ ከመሆን አልፎ የወጣቶች መጫወቻ ከሆነ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ዳሩ ግን ይህ መሣሪያ አንዳንድ ጊዜ በጨዋታው መካከል እየተንቀራፈፈ፣ ሥዕሉም እየተቆራረጠ ባለቤቱን ማስቸገሩ የተለመደ ነው። በዚህን ጊዜ ከተጫዋቹም ሆነ ከጠጋኙ አፍ ቶሎ የሚወጣው ፍርድ «ፕሮሰሰሩ ደክሟል፤ መለወጥ አለበት» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደሚያምነው ይህ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምርመራ የሚሰጥ ነው፤ ምርመራው ደግሞ የሙቀት መጠንና ሰዓት ማንበብ ከሚችል፣ ውጤቱንም በደብተር ከሚመዘግብ ሰው አቅም በላይ አይደለም። በተለይ ፊዚክስ ለምናስተምር መምህራን፣ ስለ ሙቀት ዝውውርና ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል በሰሌዳ ላይ የምንጽፈው ሁሉ በአንድ የብረት ሣጥን ውስጥ ተሰብስቦ የሚገኝበት ጉዳይ ስለሆነ ልንመለከተው ይገባል።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝ ባለፈው የሴሚስተር ዕረፍት ናይሮቢ ላይ ያጋጠመኝ ነገር ነው። ታላቅ እህቴ የምትኖረው ኢስትሊ በተባለው የከተማው ክፍል ነው። ኢስትሊ ከናይሮቢ መኻል ከተማ በስተምሥራቅ የሚገኝ፣ ሶማሌዎች የሚበዙበት፣ የኛም አገር ሰዎች በብዛት የሠፈሩበት ሰፊ የንግድ ሥፍራ ነው፤ ከሞያሌ የሚነሡ አውቶቡሶችም መንገደኛቸውን የሚያራግፉት እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጋሪሳ ሎጅ የተባለው ማደሪያ ቤት ክፍሎቹ ወደ ሱቅነት ተለወጡ፤ የእርሱን ፈለግ ተከትለው በየመንገዱ የገበያ ፎቆች ስለ ተነሡ ዛሬ ከጨርቅ እስከ ስልክ የማይሸጥበት ነገር የለም። በደረቁ ወራት ግን አቧራው ለጉድ ነው፤ ይህን የምጠቅሰው ለወሬ ማሳመሪያ ሳይሆን በኋላ ስለምንፈልገው ነው።

እህቴ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ልጇ ደግሞ ከኮሌጅ ሲመለስ፣ ከማድ ቤቱ ቀጥሎ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ባቆመው ኮምፒዩተር የሰፈሩን ልጆች በሰዓት እያስከፈለ ያጫውታል፤ የኮሌጅ ክፍያውን ከፊሉን የሚሸፍነው ከዚሁ ገቢ ነው። እኔ በደረስኩበት ሳምንት ይህ ገቢ ተቋርጦ ነበር። የእግር ኳሱ ጨዋታ አሥር ደቂቃ ያህል በደኅና ከሄደ በኋላ መጎተት ይጀምራል፤ ልጆቹም ገንዘባችንን መልስ እያሉ ይሄዳሉ። አንድ ፉንዲ (በኬንያ ጠጋኝ ባለሙያ የሚጠራው በዚህ ስም ነው) ሣጥኑን ሳይከፍት ጥቂት ካየው በኋላ፣ ፕሮሰሰሩ አርጅቷልና ይለወጥ ብሎ ፈርዷል። የዚያ ዘመን ማዘርቦርድ አዲስ ፕሮሰሰር አይቀበልም፤ አዲሱ ማዘርቦርድ ደግሞ የቀድሞውን ሜሞሪ አይቀበልም፤ ስለዚህ ሦስቱም አብረው መለወጥ ነበረባቸው። የተጠየቀው ዋጋ 38,000 ሺሊንግ ነው። እህቴ በሚቀጥለው ወር የሚወጣላት ዕቁብ 40,000 ሺሊንግ ነበር።

«እስቲ አንተ ተማርኩ ትላለህ፤ ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት እየው» አለችኝ። ልጇ ግን «ጋሼ፣ ምን አደከመህ፣ ፉንዲው አይቶት የለ» ሲል በምርመራው እንዳልተደሰተ ገባኝ። አዲስ ፕሮሰሰር የማይመኝ ወጣት የለምና አልፈረድኩበትም።

ወደ ምርመራው ከመግባታችን በፊት ፕሮሰሰር በጨዋታ ጊዜ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። በስክሪኑ ላይ የምናየው ጨዋታ እንደ ሲኒማ ፊልም ተከታትለው የሚያልፉ ሥዕሎች ድርድር ነው። እያንዳንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። ፕሮሰሰሩ ኳሷ የት እንደ ደረሰች፣ ሃያ ሁለቱ ተጫዋቾች ወዴት እንደሚሮጡ፣ የተነካው ቁልፍ ምን እንደሚለውጥ አስልቶ «ይህን ሣል» ብሎ ለግራፊክስ ካርዱ ያስተላልፋል፤ ካርዱ ደግሞ ሥዕሉን ይሥላል፣ ቀለሙን ይቀባል። በሴኮንድ 60 ፍሬም እንዲያልፍ ከተፈለገ፣ 1,000 ሚሊሴኮንድ ለ60 ሲካፈል ለአንዱ ፍሬም የሚደርሰው ጊዜ 16.7 ሚሊሴኮንድ ያህል ነው። ፕሮሰሰሩ ለአንዱ ፍሬም 25 ሚሊሴኮንድ ቢፈጅ፣ ግራፊክስ ካርዱ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን በሴኮንድ ከ40 ፍሬም በላይ አይገኝም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከሁለቱ የዘገየው የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው ሙከራ ምንም ወጪ የለውም። በጨዋታው ማስተካከያ ገጽ ላይ የሥዕሉን መጠን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ግራፊክስ ካርዱ የሚቀባቸው ነጠብጣቦች ከ2,073,600 ወደ 921,600 ይወርዳሉ፤ የካርዱ ሥራ ከግማሽ በታች ሆነ ማለት ነው። የፕሮሰሰሩ ሥራ ግን አይለወጥም፤ ተጫዋቾቹ ያው ሃያ ሁለት ናቸውና። ሥዕሉ ከተቀነሰ በኋላ የፍሬሙ ቁጥር ከፍ ካለ ዘገምተኛው ካርዱ ነበር፤ ቁጥሩ ባለበት ከቆመ ግን ጥፋቱ ከፕሮሰሰሩ ወይም ለፕሮሰሰሩ ከሚቀርብለት ነገር ነው። (በነገራችን ላይ፣ ከዚህ ሁሉ በፊት የስክሪኑ ገመድ ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካቱን ከኋላ ዞሮ ማየት ይገባል። ገመዱን በስሕተት ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ፣ በብዙ ገንዘብ የተገዛውን ካርድ ሥራ ፈት አድርጎ የሚኖር ሰው ጥቂት አይደለም።)

በእህቴ ልጅ ኮምፒዩተር ላይ ሙከራውን ሁለት ጊዜ አደረግን። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሥዕሉን ብንቀንስ ፍሬሙ ጨመረ። አሥር ደቂቃ ካለፈ በኋላ ግን በሴኮንድ 24 ፍሬም ላይ ደርሶ ነበር፤ ሥዕሉን ብንቀንሰውም ብንጨምረውም ከዚያው አልተነቃነቀም። ስለዚህ ፉንዲው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ የዘገየው በእርግጥ ፕሮሰሰሩ ነበር። ያልጠየቀው ጥያቄ ለምን ዘገየ የሚለውን ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ታስክ ማኔጀር የተባለው የዊንዶውስ ገጽ ፕሮሰሰሩ 40 ከመቶ ብቻ ሥራ ላይ መሆኑን ሲያሳይ «ታዲያ ገና ጉልበት አለው እኮ» የሚሉ አሉ። ቁጥሩ አማካይ መሆኑን ይዘነጋሉ። አራት መምህራን የፈተና ወረቀት እንዲያርሙ ተመድበው፣ ድርሰቱን የሚያርመው አንዱ ብቻ ቢሆንና ሦስቱ ምርጫውን ጨርሰው ቡና ቢጠጡ፣ የክፍሉ የሥራ መጠን 25 ከመቶ ነው ይባላል፤ ውጤቱ ግን ድርሰቱ ሳይታረም አይወጣም። በጨዋታም እንደዚሁ ዋናው የሥራ ሰንሰለት በአንድ ኮር ላይ ስለሚወድቅ፣ እያንዳንዱን ኮር ለየብቻው የሚያሳየውን ሠንጠረዥ መመልከት ያስፈልጋል።

ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። የልጁ ፕሮሰሰር ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ኮር አይ 5-4590 ነው፤ አራት ኮሮች አሉት፣ መደበኛ ፍጥነቱ 3.3 ጊጋኸርዝ ሲሆን ሁኔታው ሲፈቅድለት እስከ 3.7 ይደርሳል። ዕድሜው ገፍቷል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ፕሮሰሰር እንደ መኪና ሞተር እየተፋቀ ሄዶ ፍጥነቱ የሚቀንስ መሣሪያ አይደለም። እየተበላሸ ያለ ፕሮሰሰር ስሌት ይስታል፣ ኮምፒዩተሩን በድንገት ያጠፋል፣ ጨዋታውን ይዘጋል እንጂ በዝግታ አይጎተትም። ከዚህም በላይ እርጅና ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ይዘገይ ነበር። ሲጀምር ብርቱ፣ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ዘገምተኛ፣ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ ደግሞ እንደገና ብርቱ የሚሆን ነገር ሲያጋጥመን ልንጠረጥር የሚገባን ሙቀትን ነው።

በፕሮሰሰር ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች በበሩና በጠፉ ቁጥር ኃይል ይፈጃሉ፤ የፈጁት ኃይል ሁሉ ደግሞ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬው ልክ ይጨምራል። በመሆኑም ፍጥነቱም ቮልቴጁም በ10 ከመቶ ቢቀነሱ 0.9 × 0.9 × 0.9 = 0.729 ይሆናል፤ ሙቀቱ በ27 ከመቶ ገደማ ወረደ ማለት ነው። የፕሮሰሰር ሠሪዎች ይህን ሕግ ለመከላከያ ተጠቅመውበታል። በውስጡ ያሉት የሙቀት መለኪያዎች የተወሰነ ወሰን ላይ ሲደርሱ (በብዙዎቹ ዘንድ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው) ፕሮሰሰሩ ራሱን ላለማቃጠል ፍጥነቱንና ቮልቴጁን ይቀንሳል። ተጫዋቹ ድካም ብሎ የሚጠራው ይህንን ራስን የማዳን ሥራ ነው።

ሙቀት ለዚህ መሣሪያ ትንሽ ጉዳይ አለመሆኑን ታሪኩም ያስረዳል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው 4004 የተባለው የመጀመሪያ ማይክሮፕሮሰሰሩ 2,300 ትራንዚስተሮች ሲኖሩት ፍጥነቱ 740 ኪሎኸርዝ ነበር። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ያለማቋረጥ ሲያድግ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ፔንቲየም 4 እስከ 3.8 ጊጋኸርዝ ደረሰ። የሠሪዎቹ ሩጫ እዚያ ላይ የተገታው በዕውቀት ማነስ ሳይሆን በሙቀት ብዛት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት ኮር ማብዛት የተጀመረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለእህቴ ይህን ያስረዳኋት በምጣዷ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይፈጃል፤ ስፋቱ 58 ሴንቲሜትር ቢሆን በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር የሚደርሰው 1.3 ዋት ገደማ ነው። የልጇ ፕሮሰሰር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ እስከ 84 ዋት እንዲፈጅ የተሠራ ሲሆን፣ ሙቀቱ የሚወጣባት የሲሊኮን ቁራጭ ግን 1.8 ካሬ ሴንቲሜትር እንኳ አትሞላም። ሲካፈል በካሬ ሴንቲሜትር 47 ዋት ያህል ይደርሳል፤ እንጀራ ከሚያበስለው ምጣድ ከ30 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ምጣዱ ግን እንዲግል የተፈለገ ሲሆን ፕሮሰሰሩ እንዲበርድ የተፈለገ ነው። ይህን ሁሉ ሙቀት ተቀብሎ ወደ አየር የሚበትነው በላዩ የተቀመጠው ባለ ክንፍ ብረት (ሂት ሲንክ) እና ማራገቢያው ነው። እነዚህ ሥራቸውን ካልሠሩ፣ አዲስ ፕሮሰሰር ቢገዛም ያው ምጣድ ላይ መጣድ ነው።

ስለ አየሩም አንድ ነገር እንጨምር። ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል፣ አዲስ አበባ ደግሞ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናቸው። በአንድ ዓይነት ሙቀት ሲለካ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ናይሮቢ ላይ በ18 ከመቶ፣ አዲስ አበባ ላይ በ25 ከመቶ ገደማ ይሳሳል። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያሳልፈው አየር በክብደት ያንሳል፤ የሚሸከመውም ሙቀት በዚያው መጠን ይቀንሳል። ለደገኛ አየር ቅዝቃዜው ይካሳል የሚል ሰው ቢኖር በከፊል ልክ ነው፤ ነገር ግን ከማድ ቤት ቀጥሎ ባለች፣ ስድስት ልጆች በታጨቁባት ክፍል ውስጥ ቅዝቃዜ የሚባል ነገር አልነበረም። ያን ዕለት የክፍሏ ሙቀት 29 ዲግሪ ነበር።

መለኪያው በነፃ የሚገኝ ኤችደብሊው ኢንፎ የተባለ ፕሮግራም ነው። ልጁ ደብተር ይዞ በየሁለት ደቂቃው ሦስት ቁጥሮች እንዲጽፍ አደረግሁ፦ የፕሮሰሰሩን ሙቀት፣ ፍጥነቱን፣ የፍሬሙን ብዛት። ገና ሳይጫወት 61 ዲግሪ ነበር፤ ይህ ራሱ ከመጠን ያለፈ ነው። በአራተኛው ደቂቃ 88 ዲግሪ፣ 3.5 ጊጋኸርዝ፣ 60 ፍሬም። በስምንተኛው 99 ዲግሪ፣ 3.1 ጊጋኸርዝ፣ 51 ፍሬም። በአሥራ ሁለተኛው 100 ዲግሪ፣ 1.7 ጊጋኸርዝ፣ 24 ፍሬም። ልጁ ሦስተኛውን መስመር ጽፎ እንደ ጨረሰ እርሳሱን አስቀመጠና «ጋሼ፣ ይኼ እኮ እየታፈነ ነው» አለ። እኔ ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ አልነበረኝም።

ሣጥኑን ከመክፈት በፊት ገመዱን ከግድግዳ መንቀልና የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ጊዜ ተጭኖ በውስጥ የቀረውን ኃይል ማውጣት ይገባል፤ በሰውነት ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ዕቃዎቹን እንዳይጎዳ የሣጥኑን ብረት መንካትም እንዲሁ። ፓወር ሰፕላይ የተባለውን የኃይል ማደያ ሣጥን ግን ማንም ተማሪ እንዲከፍት አይፈቀድም፤ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኃይል ይይዛል።

ሽፋኑን ስናነሣ በሂት ሲንኩ ክንፎች መካከል ብርሃን አይታይም ነበር። ኮምፒዩተሩ የተቀመጠው ወለል ላይ፣ ከማድ ቤቱ በር አጠገብ ነበረ፤ የመንገዱ አቧራ፣ የጤፍ ዱቄትና የምጣዱ እንፋሎት አንድ ላይ ተጋግረው ግራጫ ስልቻ መስለዋል። እህቴ ይህን ስታይ የሣቀችው ሣቅ እስካሁን ትዝ ይለኛል። ከዚህ ሌላ ግን በዓይን በቀላሉ የማይታይ ጉድለት ነበር። እንዲህ ዓይነቱ የኢንቴል ማቀዝቀዣ ማዘርቦርዱን የሚጨብጠው በአራት የፕላስቲክ እግሮች ነው፤ ከአራቱ አንዱ ሳይቆለፍ ቀርቶ ብረቱ በአንድ ጎኑ ተነሥቶ ነበር። ማን እንደዚያ እንደ ተወው አልጠየቅሁም።

በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል የሚቀባው ቅባት (ቴርማል ፔስት ይባላል) ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈር ነበር። የዚህ ቅባት ጥቅም ለተማሪዎች በቁጥር ቢነገር መልካም ነው። የመዳብ ሙቀት አስተላላፊነት በሜትርና በኬልቪን 400 ዋት፣ የአሉሚኒየም 237 ያህል ሲሆን የአየር ግን 0.026 ብቻ ነው። ሁለት ብረቶች ለስላሳ ቢመስሉም ሲነባበሩ በመካከላቸው ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች ይቀራሉ፤ በነዚያ ቀዳዳዎች ሙቀቱ ይታገዳል። የቅባቱ አስተላላፊነት ከብረት እጅግ ያነሰ፣ ከአየር ግን ከመቶ እጥፍ በላይ የሚበልጥ ስለሆነ ቀዳዳውን ሞልቶ መንገድ ይሠራል። ስለዚህ ብዙ መቀባት ጥቅም የለውም፤ በመካከል ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ጠብታ ትበቃለች። የጥርስ ሳሙና ይተካዋል የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ለጥቂት ቀን ይሠራና ውሃው ሲተን ከቀድሞው የባሰ ይሆናል።

አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራገፍን። ማራገቢያው በንፋስ ኃይል ከልክ በላይ እንዳይሽከረከር በጣት መያዝ ያስፈልጋል። የቀድሞውን ቅባት በአልኮል በነከረ ጨርቅ ጠርገን እስኪደርቅ ጠበቅን፤ አዲሱን ቅባት በ300 ሺሊንግ ገዝተን ቀባን፤ አራቱን እግሮች አንድ በአንድ፣ በሰያፍ እያቀያየርን፣ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ እስኪሰማ ተጫንን። (ፕሮሰሰሩን ራሱን ለማውጣት አስፈላጊ አልነበረም፤ በዚህ ዓይነት ማዘርቦርድ ላይ ከሥሩ ያሉት ጥቃቅን ሽቦዎች አንዷ ብትታጠፍ ያን ጊዜ የፉንዲው ዋጋ እውነት ይሆን ነበር።) ሣጥኑንም ከወለል አንሥተን ከማድ ቤቱ ራቅ ባለ ጠረጴዛ ላይ አደረግነው፤ አየር በሚገባበት በኩል ያረጀ የናይለን ካልሲ ወጥረን አሰርን።

ያንኑ ጨዋታ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ክፍል ደገምነው። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ 76 ዲግሪ፣ 3.5 ጊጋኸርዝ፣ 60 ፍሬም። በአርባኛውም ያው።

ሙቀት የዝግመት ሁሉ ምክንያት ነው ብዬ ግን አላታልልም። የልጁ ኮምፒዩተር ሜሞሪ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ብቻ ነበር፤ ከቀዘቀዘ በኋላም አልፎ አልፎ ቅጽበታዊ መንቀጥቀጥ ያሳይ ነበር። ይህ ፕሮሰሰር ከሜሞሪ ጋር በሁለት መንገድ እንዲገናኝ ተደርጎ የተሠራ ነው። አንድ ሜሞሪ ብቻ ሲሰካ በሴኮንድ የሚተላለፈው እስከ 12.8 ጊጋባይት ነው፤ ሁለት ተመሳሳይ ሜሞሪዎች በትክክለኛው ቀዳዳ ሲሰኩ 25.6 ይሆናል። ሁለተኛውን፣ ያገለገለ፣ በ1,800 ሺሊንግ አገኘንለት። ሜሞሪው ሲያንስ ኮምፒዩተሩ የሞላውን ወደ ዲስክ ስለሚያሻግር ፕሮሰሰሩ ዕቃ እንደሚጠብቅ ግንበኛ እጁን አጣጥፎ ይቆማል፤ ይህን ታስክ ማኔጀር ላይ ሜሞሪው ሞልቶ፣ ዲስኩም 100 ከመቶ ሆኖ ስናይ እናውቀዋለን።

በላፕቶፕ ላይ ከሆነ አስቀድሞ መታየት ያለበት ቻርጀሩ ነው። አንዳንድ ላፕቶፖች ከፋብሪካቸው ያልወጣ ወይም ኃይሉ ያነሰ ቻርጀር ሲሰካባቸው ራሳቸውን ለመጠበቅ ፕሮሰሰሩን እስከ 0.8 ጊጋኸርዝ ድረስ ያወርዱታል፤ ሙቀቱ 50 ዲግሪ ሳይሞላ ፍጥነቱ እዚያ ላይ ተቸንክሮ ከቆየ ምክንያቱ ሙቀት አይደለም። በዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ውስጥም የፕሮሰሰሩ ከፍተኛ ወሰን 100 ከመቶ መሆኑን ማረጋገጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ድብቅ ፕሮግራሞችም አሉ። በፍላሽ እየተቀዳ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው የተሰበረ ጨዋታ አንዳንድ ጊዜ በሆዱ የዲጂታል ገንዘብ ቆፋሪ ፕሮግራም ይዞ ይመጣል፤ ይህም የባለቤቱን ፕሮሰሰርና መብራት ለሌላ ሰው ትርፍ ያሠራል። ከነዚህ አንዳንዶቹ ታስክ ማኔጀር ሲከፈት ሥራቸውን አቁመው የሚደበቁ ናቸው። ስለዚህ ምንም ሳይከፈት ማራገቢያው የሚጮኽ፣ ታስክ ማኔጀር ሲከፈት ግን ዝም የሚል ኮምፒዩተር ቢያጋጥም ዝምታው ራሱ ምልክት ነው።

ፕሮሰሰሩ ራሱ በደለኛ የሚሆንበት ጊዜ የለም ወይ? አለ። ኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ያላቸው የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ራሳቸውን እንደሚጎዱ እ.ኤ.አ. በ2024 አምኗል። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ጉዳቱን ለመከላከል የባዮስ ማሻሻያ አውጥቷል፤ ዋስትናቸውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል። የተጎዳውን ግን ማሻሻያው አይመልሰውም። የነዚህ ፕሮሰሰሮች ሕመም ምልክቱ ጨዋታ መዝጋትና ኮምፒዩተር ማጥፋት ነበር፤ ቀደም ብዬ የተበላሸ ፕሮሰሰር ይስታል እንጂ አይጎተትም ያልኩትን ያስታውሷል። እንዲህ ያለውን ፕሮሰሰር ያገለገለ ብሎ የሚገዛ ሰው ባዮሱ መታደሱን ይጠይቅ።

የእህቴ ልጅ ፕሮሰሰርም ቢሆን ከነጭራሹ በቂ ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን ካውንተር ስትራይክ 2 ሲከፍት፣ ሙቀቱ 78 ዲግሪ፣ ፍጥነቱ 3.5 ጊጋኸርዝ ሆኖ ሳለ አራቱም ኮሮች 100 ከመቶ ይሞላሉ፤ ፍሬሙም ይዋዥቃል። ይህ እውነተኛ የአቅም ማነስ ነው። ፍሬሙን በ60 ላይ እንዲወሰን ስናደርገው መዋዠቁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። በዚያው ማዘርቦርድ ላይ የሚሰካና በአንድ ጊዜ ስምንት የሥራ ሰንሰለት የሚያስኬድ ኮር አይ 7-4790 ያገለገለውን ቢያገኝ ማዘርቦርዱንና ሜሞሪውን ሳይለውጥ ጥቂት ዓመት ይጫወትበታል። ከፍጥነት ውጭ ያለው ሌላው ምክንያት፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማቆሙና የዚህ ዘመን ፕሮሰሰሮች በዊንዶውስ 11 የተፈቀዱ ዝርዝር ውስጥ አለመኖራቸው ነው። ይህንንም ነግሬዋለሁ፤ አንድ ቀን መለወጡ አይቀርም።

ዕቁቡ ሲወጣ የኮሌጁ ቀሪ ክፍያ ተከፈለበት። ልጁ አሁንም በየወሩ መጀመሪያ ያንኑ የእግር ኳስ ጨዋታ አሥራ ሁለት ደቂቃ ተጫውቶ ሦስቱን ቁጥሮች በስልክ ይልክልኛል። ባለፈው ወር 76 የነበረው ሙቀት 81 ሆኖ ነበር። «ካልሲውን አጥበህ ታውቃለህ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት፤ አላጠበውም።